ያልዘለልኩት ምዕራፍ

«እሷ ትማልልን። መጽሐፍ ከእጇ አይለይም፤ እሷን ማን ይጠራጠራል?»

ይህን ያለችው የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ እየቀዳች። እኔ ኮሪደሩ ላይ አጎንብሼ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። የወጥ ቤቱ በር ማጠፊያው ከተነቀለ ሁለት ዓመት ስላለፈው ገጥሞ አይዘጋም፤ እዚያ ቤት ምስጢር የሚያወራ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ነው የሚያወራው። ዛሬ ቧንቧው ተረሳ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለ ወንድሜ፤ «እኔን ያየ ጸሐፊ ስንት ጥያቄ ይጠይቀኛል። እሷን ሲያይ ግን በቀጥታ ማኅተሙን ነው የሚያነሳው።» ሳቁ። ሳቃቸው እንኳ ክፋት የለውም እኮ፤ የሚገርመው እሱ ነው። ሰው ጥሩ ቢላዋ ገዝቶ የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነው። ጫማዬን አስሬ ጨረስኩ፣ ፈታሁት፣ እንደገና አሰርኩት። ሌላ ምን ላድርግ?

ነገሩ ይህ ነው። አባታችን ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። ቤቱ ወደ ልጆቹ ስም እንዲዞር ከልጆቹ አንዱ ውል ጽሕፈት ቤት ቀርቦ፣ እጁን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭኖ፣ የሟቹን ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው ጠርቶ «ከእነዚህ ሌላ ልጅ የለውም» ብሎ መማል አለበት። ቀጠሯችን ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። እኛ ሦስት ነን፤ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ፣ ሌላ ከተማ የሚያስተምረው ታናሻችን። ሦስት ነን እንላለን። አራተኛዋን ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ እናታችን ታማ በተኛችበት ዘመን፣ ልብስ ልታጥብልን የምትመጣ ሴት ነበረች። አንድ ቀን መምጣት ተወች። ከዚያ በኋላ አባታችን ቅዳሜ ቅዳሜ «አንድ ወዳጄን ልጠይቅ» እያለ ይወጣ ጀመር። ወዳጁ ስታድግ ጆሮዋ ቁርጥ የእሱን መሰለ፤ ጫፉ ወደ ውጭ የታጠፈ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማናውቀው እኛ ብቻ ነን፤ አናውቅም ለማለት ሃያ አምስት ዓመት ተለማምደናል።

ከትናንት በስቲያ ወንድሜ «እታለም» ብሎ ጠራኝ። በደህናው ቀን «አንቺ» ነው የሚለኝ፤ «እታለም» ካለኝ ወይ የሚተኮስ ሸሚዝ አለው ወይ ሌላ ጉዳይ አለ። ከማልሽልን የፊት ለፊቱን ክፍል፣ መስኮቱ መንገድ የሚያየውን፣ ዕድሜ ልክሽን ማንም አይነካብሽም አለኝ። አሁን የምተኛው ከጓዳው ጎን ባለች፣ አልጋ ከገባ ወንበር በማይገባባት ክፍል ነው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁ፣ አልወለድኩ፣ አባቴን ሰባት ዓመት አስታምሜ ቀበርኩ። መስኮት ለኔ ምን ማለት እንደሆነ ወንድሜ ያውቃል። «እሺ ጋሼ» አልኩት። ምን ብዬ እንደምምል አላውቅም ነበር ካልኩ ዋሸሁ። አውቅ ነበር፤ ብቻ አላሰብኩትም። ሰው ሳያስብ ብዙ ነገር ማወቅ ይችላል። ዛሬ ጠዋት ግን ለምን እኔን እንደመረጡኝ በጆሮዬ ሰማሁ፤ አልዋጥ ያለኝ እሱ ነው።

«እማሆይ፣ ሻይ እንኳ ሳትጠጪ?» አለችኝ የወንድሜ ሚስት ብቅ ብላ። እማሆይ የምትለኝ ለሹፈት ነው፤ ዛሬ ግን በአክብሮት አለችው፤ ይህ ደግሞ ይባስ አስፈራኝ።

«ጠጥቻለሁ» አልኳት። አልጠጣሁም። የዛሬው አንደኛ ውሸት ብዬ መንገድ ላይ ቆጠርኩት። ውሸቴን መቁጠር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይህም ከመጽሐፉ የመጣብኝ ጣጣ ነው።

የምሠራው ላውንደሪ ቤት ነው፤ ካውያ ላይ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ኮትና ሱሪ የኔ ነው፣ ሸሚዝና አንሶላ የሌሎቹ። ቤቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ከፊት ባንኮኒው፣ ከመሐል እኛ፣ ከኋላ ማሽኖቹ። ከጣሪያው በተንጠለጠለው ብረት ላይ ያለቁት ልብሶች ላስቲክ ለብሰው፣ ቁጥራቸው ደረታቸው ላይ ተሰክቶ ይሰለፋሉ። የኮት መተኮሻ ዋጋ ባለፈው ወር ጨምሯል፤ የደንበኛውን ኩርፊያ የምቀበለው እኔ፣ ጭማሪውን የሚቀበለው ባለቤቱ። ሕጋችን አንድ ነው። ልብስ ከመታጠቡ በፊት ኪስ ይፈተሻል፤ ከኪስ የወጣ ነገር፣ ቁልፍ ይሁን የከረሜላ ወረቀት፣ የልብሱ ቁጥር ተጽፎበት ፖስታ ውስጥ ይገባል። ስድስት ወር ሙሉ ጠያቂ ካጣ ላገኘው ሰው ይሆናል። መጽሐፌን ያገኘሁት እንዲህ ነው፤ ከአንድ አሮጌ ካፖርት የውስጥ ኪስ የወጣ፣ መዳፍ የሚያህል መጽሐፍ ቅዱስ፣ ፊደሉ ደቃቃ። ሰውዬው ካፖርቱን ወሰደ፣ ፖስታውን «የኔ አይደለም» ብሎ ተወው። እኔ ግን ለሕጉ ስል ስድስት ወሩን ጠበቅሁ።

በፊትም አማኝ ነኝ። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፣ የሚነበበውን ቆሜ እሰማለሁ፣ አሜን ሲባል አሜን እላለሁ። በራሴ ዓይን አንብቤ ግን አላውቅም ነበር። ካውያው እስኪግል ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ያቺን ሃያ ደቂቃ ድሮ በሐሜት ነበር የምፈጃት። መጽሐፉ እጄ ሲገባ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ፣ ምንም ሳልዘል። ሰው ሁሉ የሚዘለውን፣ የድንኳኑን ክንድና ስንዝር፣ የነገዱን ቆጠራ፣ ሁሉንም። ኮት ስተኩስ ብብቱን ዘልዬ አላውቅም፤ መጽሐፍ ለምን እዘላለሁ? መጀመሪያ እንቅልፌ ይመጣ ነበር። በኋላ ተጣላሁት። ጮክ ብዬ «ኧረ ይሄስ ነውር ነው!» ያልኩበት ቀን አለ፤ ከኋላ ሳሙና ሰምቶኝ «ምነው፣ ካውያው ፈጀሽ እንዴ?» አለኝ። ሳሙና የምንለው ማሽኖቹ ላይ የሚሠራውን ሰውዬ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ምስጢር ከእጁ ስለሚያሟልጨው ነው። በመጨረሻ ግን ጣፈጠኝ። ነቢያቱ ጋ ደርሼ፣ የድሃ አደጉን ፍርድ የሚያጣምሙትን ሙልጭ አድርገው ሲሰድቡልኝ፣ እሰይ! እል ነበር። እያንዳንዱን ወቀሳ እንደ ልብስ እየለካሁ አድላለሁ፤ ይቺ ለወንድሜ ሚስት ልኳ ናት፣ ይቺ ለባለቤቱ፣ ይቺ ለሳሙና ትንሽ ትሰፋዋለች። ለኔ የሚሆን አንድም አላገኘሁም ነበር።

ዛሬ ካውያውን ሰክቼ፣ የአባቴን መነጽር አድርጌ መጽሐፉን ስገልጥ፣ ለካ የመጀመሪያው ክፍል ትናንት አልቋል። ሁለተኛው ሊጀመር ነው። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ጠብቄዋለሁ! ልደቱን፣ መላእክቱን፣ ኮከቡን ላነብ ነው ብዬ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የስም ዝርዝር! እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ። «አይ አንተ!» አልኩት፤ እግዜርን ነው። «ዛሬን እንኳ? ለዛሬ የሚሆነኝ አንድ ቃል አጣህ?» እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልዘለው ጣቴ ገጹን ይዞ ነበር። ግን ሦስት ዓመት ያልዘለልኩትን ዛሬ ብዘል የወንድሜ ሚስት ያሸነፈችኝ መሰለኝ። ምኑን እንዳሸነፈችኝ አላውቅም፤ ብቻ እንደዚያ ተሰማኝ። እልህ ይዞኝ በጣቴ እየተከተልኩ ቀጠልኩ።

ወንዶች ናቸው፤ አባት ልጅ፣ አባት ልጅ። ድንገት መሐል ላይ አንዲት ሴት። ጣቴ ቆመ። ይቺን አውቃታለሁ፤ ገና መጀመሪያው ላይ አንብቤያታለሁ፤ ባሎቿ ሞተውባት፣ ቃል የተገባላትን ተከልክላ፣ ፊቷን ሸፍና መንገድ ዳር ተቀምጣ የባሏን አባት ያታለለችው። ከቤት የማይወጣ ታሪክ ነው። ወረድ ስል ሌላ፤ ለሰላዮቹ ቤቷን የከፈተችው ጋለሞታ። ከእሷ ቀጥሎ ከባዕድ አገር የመጣችው መበለት፣ በሰው እርሻ ቃርሚያ የለቀመችው። ከዚያ ደግሞ ንጉሡ ባሏን አስገድሎ የወሰዳት፤ ይቺን በስሟ እንኳ አይጠራትም፣ የእገሌ ሚስት የነበረችው ይላታል፤ ግን አልተዋትም። መነጽሬን አወለቅሁ። ይህ እኮ የጌታ የራሱ የዘር ሐረግ ነው። ለወንድሜ ሚስት ቢሰጧት በአንድ ደቂቃ አጽድታ ትመልሰው ነበር፤ እሷን አውጧት፣ ይቺን ተዋት፣ ሰው ምን ይላል? እዚህ ግን ቤተሰብ የሚደብቃቸውን ሴቶች ፈልጎ ፈልጎ ከነገሥታቱ ጎን አስቀመጣቸው፣ ያውም መጀመሪያው ገጽ ላይ። በሕይወቴ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዝርዝር ፊቴን የመታኝ የለም። ካውያው ከጋለ ቆይቶ እንፋሎቱ ያፏጫል፤ እኔ አልተነሳሁም። ሦስት ዓመት ለሰው ስለካው የኖርኩት ወቀሳ ዛሬ በልኬ ተሰፍቶ መጣ።

አባቴ ሊሞት አካባቢ፣ አንድ ቀን ትራሱን ሳስተካክልለት፣ «አራት ናችሁ እኮ» አለኝ። «አባዬ፣ ውሃ ልስጥህ?» አልኩት። እሱ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፤ ውሃውን ጠጣ።

ረፋድ ላይ እሷ መጣች፤ አራተኛዋ። ይህን እስካሁን ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው። ከላውንደሪው ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ፣ የአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ አንዲት ክፍል አለቻት፤ ዚፕ ትቀይራለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ የሱሪ ጫፍ ታሳጥራለች። እኛ የተበላሸውን እንልክላታለን፣ እሷ ሠርታ ታመጣለች። አራት ዓመት ሆነን። የምሰጣትም የምረከባትም እኔ ነኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ ያወራነው ስለ ዚፕ ነው። እሷ «እርስዎ» ትለኛለች፤ እኔ ምንም አልላትም።

«የግራጫው ኮት ገበሩም ተተርትሮ ነበር፤ ሰፍቼዋለሁ» አለችኝ፣ ልብሶቹን ባንኮኒው ላይ እየዘረጋች።

«ጥሩ አደረግሽ።»

«ለሱሪው ግን ቡናማ ዚፕ አጣሁ፤ ጥቁር ነው ያስገባሁበት። ለደንበኛው ይንገሩልኝ።»

«ተይው፣ ማን ያየዋል?»

«ባይታይም ይንገሩት» አለች። «በኋላ አታለሉኝ እንዳይል።»

የተረፈ ክር አየችና በጥርሷ በጠሰችው። አባቴም መቀስ አጠገቡ እያለ ክር የሚበጥሰው በጥርሱ ነበር። ከዚያ ሻሿን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገች፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። «ሌላ አለ?» አለችኝ። እንዴታ! አለ እንጂ። «የለም» አልኳት። ሁለተኛው ውሸት። ስትሄድ ጀርባዋን አየሁት፤ ትከሻዋ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ትከሻ ነው።

የወንድሜን ኮት ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለዛሬው ቀጠሮ ትናንት ማታ ራሱ አምጥቶ ሰጥቶኝ ነበር። ክርኑን ስተኩስ፣ አንገትጌውን ስተኩስ፣ ከንፈሬ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። «ጌታ ሆይ፣ እኔ ደፋር ሴት አይደለሁም። ታውቀኛለህ። እዚያ ቆሜ ወንድሜ ሲያየኝ አፌ ይተሳሰራል። ክፍሉን ደግሞ እፈልገዋለሁ፤ ለምን እዋሽሃለሁ፣ መስኮቱን በጣም እፈልገዋለሁ።» መልስ አልመጣም። ኮቱ ግን እንደ አዲስ ሆነ። አንድ ነገር ገባኝ፤ ጸሎቴን ጨርሼ ዝም ካልኩ ስምንት ሰዓት ላይም ዝም እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ዝም ማለት የሙያዬን ያህል እችልበታለሁ። እንዳልመለስ በሩን ከኋላዬ የሚዘጋብኝ ሰው ያስፈልገኛል። ኮቱን ሰቅዬ ወደ ማሽኖቹ ሄድኩ።

«ሳሙና፣ አንድ ምስጢር ልንገርህ። ለማንም እንዳትናገር።»

ሳሙና ዓይኑ በራ። «በሞትኩት!» አለ።

«ያቺ ዚፕ የምትሠራው ልጅ እህቴ ናት። የአባቴ ልጅ።»

«ይሄን ማን የማያውቅ አለ!» አለኝ በመጀመሪያ። ቀጥሎ ግን አፉን ያዘ፤ ለካ ልዩነቱ ገብቶታል፤ ከኔ አፍ ሲወጣ መስማቱ ነው። ቁና ቁና እየተነፈሰ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገና «ቆይ መጣሁ፣ ሲጋራ ልግዛ» ብሎ ወጣ። ሳሙና ሲጋራ ካቆመ ዓመቱ ነው። ከምሳ በፊት መንገዱ በሙሉ ይሰማል፤ አሁን ወደ ኋላ የለም። ሳቄ መጣ።

ወንድሜ ሰባት ተኩል ላይ መጣ። የተኮስኩለትን ኮት ለበሰ፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለ፣ «እጅሽ ይባረክ እታለም» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ጉልበታችን ይነካካል። ልጆች ሳለን አባታችን በሚያመጣው አሮጌ ጋዜጣ ጀልባ ይሠራልኝ ነበር ይሄ ሰውዬ። አሁን ጸጉሩ ከኋላ ሳስቷል። ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ዋጋ ሲያማርር ወንድሜ «እህ» ይላል፣ እኔም «እህ» እላለሁ። ልንወርድ ስንል ቦርሳዬን አየት አደረገና «መጽሐፍሽን ይዘሻል አይደል? ከቦርሳ አውጪው፤ እጅሽ ላይ ይታይ» አለኝ። አወጣሁት። እሱ ባይለኝ ምናልባት ልቤ ይለሰልስ ነበር።

ውል ጽሕፈት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ በክር የታሰረ እስክሪብቶ፣ ያለ ድምፅ የማይዞር ማራገቢያ። ተራችንን ስንጠብቅ ወንድሜ ወደ ጸሐፊው ጠጋ ብሎ ሲያወራ ሰማሁት፤ «እህቴ ናት፣ በጣም መንፈሳዊ ሴት ናት፣ ሐሰት አታውቅም።» ጸሐፊው ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ምሳውን በደንብ የበላ ሰው ነው። ሲጠራኝ ቀና ብሎ አየኝ፤ እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየ፤ ወዲያው እጁ ወደ ማኅተሙ ሄደ። ወንድሜ እውነቱን ነው፤ ልክ እንዳለው። ጠረጴዛው ላይ የመማያው መጽሐፍ አለ፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ከተገዛበት ላስቲክ ያልወጣ። ላስቲኩ ላይ የስንቱ ሰው መዳፍ ላብ ደርቆ አብለጭልጯል።

«የሟች ልጅ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እጅሽን ጫኚና የማነበውን ተከትለሽ በይ» አለ ወረቀቱን እያነሳ። ሦስት ስም ተጽፎበታል፤ ከፊቱ ቆሜ እንደተገለበጠ አነበብኩት። መጽሐፉን ሳብኩና ከላስቲኩ አወጣሁት።

«እመቤት፣ ጫኚ እንጂ ክፈቺ አልተባለም።»

«ምን ላይ እንደምምል ልየው ብዬ ነው።»

«እታለም» አለ ወንድሜ ከኋላዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ሰው ይጠብቃል፤ ቶሎ በይ።» ገጾቹ ተጣብቀዋል፤ ማንም ከፍቷቸው አያውቅም፤ ስገልጥ ቀጭ ቀጭ እያሉ ተላቀቁ። የጠዋቱን ገጽ ፈልጌ አገኘሁት፤ ያው ዝርዝር ነው፣ እዚህ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ያለ መነጽርም ይነበባል። እጄን እዚያ ላይ ጫንኩ። አፌ እንደፈራሁት ተሳሰረ፤ ከዚያ ሳሙና ትዝ አለኝ፤ አሁን የት ደርሶ ይሆን? ተፈታ።

«ወረቀቱ ላይ ሰው ጎድሏል» አልኩ። «ሦስት አይደለንም። አራት ነን።» የእሷን ስም ጠራሁ፣ ከስሟ ቀጥሎ የአባቴን ስም፣ ከእሱ ቀጥሎ የአያታችንን። ማራገቢያው ይንቋቋል።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ ወንድሜ ፈጠን ብሎ፣ «አባታችን ከሞተ ወዲህ አእምሮዋ ትንሽ… ደህና አይደለችም።»

ጸሐፊው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። «አሁን አይደል ሐሰት አታውቅም ያልከኝ?» አለው። ወረቀቱን ለሁለት ቀደደና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ማኅተሙንም መልሶ አስቀመጠ። «ልጅቱ ራሷ ትቅረብ። አንቺም መጥተሽ ትመሰክሪያለሽ። ነገ ሦስት ሰዓት። ቀጣይ!»

ደረጃው ላይ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። ፊቱ ደም መስሏል። «ምን አደረግሽ? ምን አድርገን ነው እንዲህ ያዋረድሽን? የአባትሽን ስም መሬት ጣልሽው!»

«እሱ ራሱ ነው አራት ናችሁ ያለኝ።»

«የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን ጣልሽ፤ ክፍሉን እርሺው! ዛሬ እቤት እንዳላይሽ። ይሄ መጽሐፍ ነው ያሳበደሽ!»

«እጅሽ ላይ ይታይ ያልከኝ አንተ ነህ» አልኩት። ክንዴን አስለቀቅሁ። «ጋሼ፣ እኛ ጋ ከሰው ኪስ የወጣ የከረሜላ ወረቀት እንኳ ቁጥር ተጽፎለት ይቀመጣል። እሷ ሰው ናት። ደግሞ ቤቱ እስኪከፈል የአራታችን ነው፤ ማታ እመጣለሁ፣ ከጓዳው ጎን እንደለመድኩት እተኛለሁ። በሩን ብትዘጉት አንኳኳለሁ፤ ጎረቤት እስኪወጣ አንኳኳለሁ።» እንዲህ ያለ ንግግር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ወንድሜም ሰምቶ አያውቅም፤ እንደማያውቀው ሰው አየኝ። ከዚያ የኮቱን እጅጌ ተመለከተ፤ ክንዴን ሲይዘኝ ተጨማዶበታል። አሳዘነኝ፤ ወንድሜ ነው እኮ። ግን አላስተካከልኩለትም።

ወደ ሥራ አልተመለስኩም። ደረጃው ሥር ወዳለችው ክፍል ሄድኩ። በሯ ክፍት ነው። ግድግዳው ላይ ዚፖች በቀለም በቀለም ተንጠልጥለዋል፣ ቁልፎቹ በመስታወት ብልቃጥ፤ ሁለት ሰው ቢቆምባት የምትጠብ ክፍል ናት። የስፌት መኪናዋን አቁማ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ስትጠብቀኝ ቆይታለች።

«ሳሙና ነግሮኛል» አለች ቀና ሳትል። «ከሳሙና ልስማው? ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ እኔ መጨረሻ? ደስ አለሽ?»

አንቺ አለችኝ። አራት ዓመት «እርስዎ» ስትለኝ ኖራ። ንዴቷ ነው፤ ግን እህት ለእህትም የምትናደደው እንዲሁ ነው።

«ደስ አላለኝም። ፈርቼ ወደ ኋላ እንዳልመለስ ነው የነገርኩት። መጀመሪያ ላንቺ መናገር ነበረብኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።» ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሦስቱ ስም፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መቅረብ እንዳለባት።

«ማን ጠየቀሽ?» አለች።

«ማንም።»

«አራት ዓመት ዚፕ ስትሰጪኝ የት ነበርሽ?»

«በጣም ቀስ ብዬ ነው የማነበው» አልኳት። «እዚህ የደረስኩት ገና ዛሬ ጠዋት ነው።» ይህን ስል ራሴን አሳፈረኝ፤ ቀልድ መሰለ። ሌላ እውነት ግን አልነበረኝም። አልሳቀችም። አንድ ዚፕ ከግድግዳው አወረደች፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ታሞ ሳለ ብርቱካን ይዤ የመጣሁ ቀን፣ በር ላይ ቆመሽ ተኝቷል አልሽኝ። ተኝቶ ነበር?»

እዚህ ጸሐፊ የለም፣ ማኅተም የለም፣ እጅሽን ጫኚ የሚለኝ የለም። ተኝቶ ነበር ብላት ለሁለታችንም ይቀላል፤ ሙት ተነስቶ አይመሰክርብኝ። ጠዋት ያነበብኩት ዝርዝር ግን ገና ዓይኔ ላይ ነው። ሦስተኛ ውሸት ለዛሬ አልፈለግሁም።

«አልተኛም ነበር» አልኩ። «ነቅቶ ነበር። ማን ነው የመጣው ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት።»

ዚፑ ከእጇ ወደቀ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሻሿ ተንሸራትቶ ያ የታጠፈ ጆሮ ታየኝ፤ አልመለሰችውም። ከላይ ደረጃውን ሰዎች ሲወጡ ሲወርዱ ኮቴያቸው ጣሪያው ላይ ይሰማል። «ውጪልኝ» አለች በመጨረሻ። ምን ብዬ ልለምናት? ልወጣ ዞርኩ። እንባዬን በመዳፌ እየጠረግሁ፣ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ይዤ፣ በሩ ላይ ስደርስ፣

«ቆይ» አለች። «ለጸሐፊው ምን ብለሽ ነው የጠራሽኝ?»

ተናገርኩ። ስሟን፣ ከስሟ ቀጥሎ የአባቴን፣ ከአባቴ ቀጥሎ የአያታችንን። እስከ ዛሬ የምትጠራው በእናቷ አባት ስም ነው።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«አልሰማሁም» አለች።

ሰምታለች። ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚጠግነው ሰውዬ መዶሻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዳቦ የያዙ ሁለት ሴቶችም እርምጃቸውን ገታ አደረጉ። ወደ መንገዱ ዞርኩና ከነአባቷ ከነአያቷ ጮክ ብዬ ጠራኋት።